ዝም ይነቅዛል

አዎ፣ ለአሳማ የሚሰፈረውን ምጥን ለልጄ አብልቻለሁ። የፍኖተ ሰላም ሰው ይህን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እኔ ምን ሰርቄ ዝቅ አደርጋለሁ? ገበያ መሐል የጠየቀኝ ገበያ መሐል ይሰማል። አሠራሩንም እነግረዋለሁ፦ ሦስት እጅ በቆሎ፣ አንድ እጅ ባቄላ፣ አንድ እጅ ኑግ። ባቄላው ተቆልቶ ይከካል፤ ኑጉ ታምሶ ይወቀጣል፤ ከበቆሎው ጋር ተደባልቆ ይፈጫል። የፈለገ ይሥራበት፣ የፈለገ ይማኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ። ዘመኑ ሃምሳ ስምንት ነው። ከላህ ወንዝ ማዶ አንድ የእርሻ መሞከሪያ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ስሙ ረጅም ነው፤ አገሬው ግን «አሳማ ቤት» ብሎ ጨረሰው። ለአዲስ አበባ ሆቴሎችና ለፈረንጆች የሚሸጥ አሳማ በጎጃም በቆሎ ይረባ እንደሆነ ለማየት ነው ተባለ። ደመወዝ አለው፤ ሠራተኛ ግን የለውም። ስሙ ሲጠራ እንኳ ሰው በሚያማትብበት አገር ማን አሳማ ሊጠብቅ ይገባል?

እኔ ገባሁ። ባሌ ክንዱ ከአባቱ የደረሰው መሬት ለወንድማማች ሲሸነሸን፣ ሲሸነሸን፣ ለትንሽ በርበሬ፣ ለትንሽ ኑግና ለጓሮ በቆሎ የሚበቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከመግባቴ በፊት የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ገብርኤልን ጠየቅሁ። «መጠበቁ አልተከለከለም፤ የተከለከለው መብላቱ ነው» አሉኝ። «ማታ ማታ ጠበል ተረጭተሽ ግቢ።» አማቴ እሜቴ ወለተ ሐና ግን በጠበል ብቻ የሚረኩ አልነበሩም። የቡሬ ሰው ናቸው፤ ከኛው ግቢ ውስጥ በራሳቸው ጎጆ ይኖራሉ። ማታ ስመለስ የሥራ ልብሴን ደጅ አስወልቀው፣ እንስራ ሙሉ ውሃ ከራሴ ላይ አፍስሰው ነው ወደ ቤት የሚያስገቡኝ። ያውም በኅዳር ብርድ!

«የእሪያ ጋኔን ውሃ ነው የሚፈልግ» ይላሉ።

«እኔ ደግሞ እሳት ነው የምፈልግ፣ እሜቴ» እላለሁ ጥርሴ እየተፋጨ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ክንፈሚካኤል ይባሉ ነበር፤ አምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከአፋቸው ይልቅ ሚዛናቸው የሚናገር ሰው ናቸው። ገና ጡት የጣሉ የአሳማ ግልገሎችን በሁለት ጋጣ ከፈሉ። ለግራው ጋጣ በቆሎ ብቻ፤ ለቀኙ በቆሎ ከባቄላና ዘይት ሲጨመቅ ከሚቀረው የኑግ ፋጉሎ ጋር ተደባልቆ እንድሰጥ አዘዙኝ። «ምጥን» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሽሮ መጥኜ፣ በርበሬ መጥኜ ያደግሁ ሴት ይህን ሌላ ምን ልበለው? እሳቸውም የፈረንጅ ስሙን ትተው ምጥን አሉት።

«ባቄላው ውድ ነው» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «በቆሎ ብቻውን ካሳደጋቸው ገበሬው በርካሽ ያረባል። ካላሳደጋቸው ደግሞ ማወቅ አለብን።»

እኔ በልቤ ፈረድሁ። ሆድ ከሞላ ምን ቀረ? እኛስ በቆሎ ቂጣ በልተን አይደል የምናድር?

የግራው ገንዳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ግልገሎቹ ጠዋትም ይበላሉ፣ ማታም ይበላሉ፣ በሚበሉት ላይ ይተኛሉ። ሆዳቸው ይነፋል፤ ጀርባቸው ግን እንደ ቢላዋ ስለት ነው። ጠጉራቸው ሻከረ፣ መልኩን ለቀቀ። የቀኞቹ ከነሱ ያነሰ በልተው ይወፍራሉ፤ ለመመዘን ጆንያ ውስጥ ስንከታቸው ጩኸታቸው ቡሬ ድረስ የሚሰማ ይመስላል። የግራዎቹን ሆዳሞች፣ እህል አጥፊዎች እያልሁ እሰድባቸው ነበር። አቶ ክንፈሚካኤል እየመዘኑ፣ እያሰሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ርካሹ መኖ እየከሰረን ነው» ይላሉ። «ጆንያ ሙሉ በቆሎ ይገባል፤ የሚወጣ ሥጋ የለም።»

አንድ ቀን ከግራው ጋጣ አንዱን ለመመዘን ብድግ ሳደርገው አልጮኸም። እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ዝም ብሎ አየኝ።

«አቶ ክንፈሚካኤል» አልሁ እየሳቅሁ፣ «ይኸኛውስ ጨዋ ነው!»

እሳቸው አልሳቁም። ቀርበው ጆሮውን ዳሰሱት። «ጨዋ አይደለም፣ ካሰች፤ እየሞተ ነው። ግልገል ሲያዝ ካልጮኸ የሚጮኽበት አቅም የለውም ማለት ነው።»

«ምን ጎድሎበት? ሆዱ እንደ ከበሮ ሞልቶ የለም?»

«ሆዱ ሞልቷል፤ ሥጋው ግን ተርቧል። በቆሎ ማገዶ ነው። ማገዶ ቤት ያሞቃል እንጂ ግድግዳ አይሆንም። ግድግዳ የሚያቆመው ባቄላውና ኑጉ ነው።»

ግልገሉን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ልቤ ቤት ሄዷል።

እንዳለው የሚባለው ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ሌላ ስላረገዝሁ ጡት አስጥዬዋለሁ፤ ቀን ቀን ከአያቱ ጋር ይውላል። ላማችን ነጥፋለች፤ ቤቱ ሁሉ የነቢያትን ጾም ይዟል። ለልጅ ጾም የለበትም፤ ግን ጿሚ ቤት ውስጥ ለልጅ ብቻ ተብሎ ምን ይሠራል? በቆሎ ቂጣ ይቆረስለታል፣ የበቆሎ አጥሚት ይጠጣል። ጉንጩ ሞላ ብሎ ነበርና እሜቴ «ወፈረልኝ» ይላሉ። ጠጉሩ ቀላ ሲል «ቀይ ሊሆን ነው» ይላሉ። እና አይጮኽም። ጠዋት ያስቀመጡት መደብ ላይ ማታ ይገኛል። ሰው ሲያነሳው አያለቅስ፣ ሰው ሲያስቀምጠው አያለቅስ። የገባ ጎረቤት ሁሉ «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ያባቱን ቤት የሚያስከብር!» ብሎ ይመርቀናል።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ እሜቴ በኩራት። «የሞቱብኝም ልጆቼ እንዲህ ጨዋዎች ነበሩ። እግዜር የወደደውን ነው የሚወስድ። ይኸ ክንዱ ብቻ ባለጌ ሆነ፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥስ ነበር። እሱን ተወልኝ።»

ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼው አልፌአለሁ!

ሰዓቱ ሳይደርስ ሥራዬን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥሁ። እንዳለው መደቡ ላይ ተቀምጧል። ብድግ አደረግሁት፤ አየኝ፤ ዝም አለ። ጭኑን ቆነጠጥሁት፤ እናት ልጇን ትቆነጥጣለች? እኔ ቆነጠጥሁ። ፊቱን ጨማደደና ተወው። እግሩን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት፤ ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ለካ ውፍረት አልነበረም። ያኔ በዚያ ቤት የጮኸ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ማታ ክንዱን ያዝሁት። «ኑጉን አትሽጠው። ባቄላም ይገዛልኝ» አልሁት።

«ኑጉ ለገበያ ነው። ባቄላ ደግሞ በቆሎ በሞላበት ቤት ምን ያደርጋል? ምን ሁነሽ ነው፣ አንች?»

«መንግሥት ለአሳማ ባቄላ ይገዛል፣ ክንዱ። ለአሳማ ያልተወደደ ለልጄ ተወደደ?»

ራሱን አከከና ወደ እናቱ ጎጆ አየ። ክንዱ ክፉ ሰው አይደለም። የእናቱን ዓይን ሳያይ ግን ዝናብ መጣ ብሎ እንኳ ልብስ ከተሰጣበት አያነሳም። ተውሁት። ለዓመት ያኖርሁትን ዛላ በርበሬ ተሸክሜ ገበያ ወጣሁና ከፈረስ ቤት ደጋ በወረዱ ሴቶች ባቄላ ለወጥሁ። ኑጉን ከጎታው ሳልጠይቅ ዛቅሁ። የራሴን በቆሎ ጨመርሁ። ከጣቢያው አንዲት ፍሬ አልነካሁም፤ ይህን የሚጠራጠር ካለ ፊቴ ቆሞ ይናገር።

ገንፎ አድርጌ በኑግ ዘይት ለወስሁት። እሜቴ ሽታው ጠርቷቸው መጡ።

«ምን ሸተተኝ?»

«ምጥን ነው፣ እሜቴ።»

በጣታቸው ቀመሱ። «ወጥቶለታል» አሉና አንድ ጉርሻ ደገሙ። እንዳለው በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ልሶ ተወው። በማግስቱ ትንሽ ጨመረ። በዚህ ብንቀጥል ማንም ምንም ሳይሰማ ባለፈ ነበር። የኔ ጠላት ግን አፌ ነው።

አንድ ማታ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ እሜቴ እንስራቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል። የጎረቤት ሴቶችም አብረዋቸው ናቸው፤ ነፍሰ ጡር አሳማ ካየች ምን እንደምትወልድ እየተወራ ነው። ውሃው ከራሴ ላይ ወረደ። «ውጣ አንተ የእሪያ ጋኔን! ቤታችን እንዳትገባ!» አሉ እሜቴ።

«ከገባ ቆየ እኮ» አልሁ። «ያ ወጥቶለታል ያሉት ገንፎ የአሳማዎቹ ምጥን ነው። እርስዎም ሁለቴ ጎርሰዋል።»

እንስራው ወድቆ ተሰበረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እሜቴ ልጁን ከመደቡ አንስተው ጎጆአቸው ገቡና በሩን ዘጉ። በማግስቱ አባ ወልደ ገብርኤል መጡ። ቤቱ ተረጨ፤ ገንፎው ለውሻ ተደፋ። ውሻው ልሶ ጨረሰው። አባ እንዲህ ያለ ምግብ ከዚህ ቤት እንዳይሠራ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪያየው ልጁም ከአያቱ ዘንድ እንዲቆይ አሉ። ክንዱ መሬት መሬት ያያል።

ጧት እሜቴ ጎጆ በር ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። እንዳለው ከጭናቸው ላይ ነው። በእጁ የበቆሎ ቂጣ ይዟል፤ አይበላውም። እሜቴ ጠጉሩን እየዳበሱ ያዜሙለታል። እንደሚወዱት ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። ግን ዓይኑን ሳየው ያ ግልገል ትዝ አለኝ፣ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ያየኝ። ያን ጊዜ ሽማግሌ ብሎ ነገር፣ መጠበቅ ብሎ ነገር ጠፋብኝ። ገባሁ፣ ልጄን ከጭናቸው አነሳሁ፣ አዘልሁት፣ ወጣሁ። ከሆዴ አንዱን፣ ከጀርባዬ አንዱን ተሸክሜ በጠራራ ፀሐይ በከተማው መሐል ሄድሁ። እሜቴ ከኋላዬ ኡኡ ይላሉ። ሰው ሁሉ ከየደጁ ወጣ።

«ወዴት ነው፣ ካሰች?» አለኝ አንዱ።

«አሳማ ቤት!» አልሁ፣ የላህ ማዶ ሰው እንዲሰማ አድርጌ።

አቶ ክንፈሚካኤል ሲያዩኝ ሚዛናቸውን አስቀመጡ። «ካሰች፣ ይህ የመንግሥት ግቢ ነው። ማደሪያ አይደለም።»

«ግልገል ጡት ሲጥል እዚህ ጋጣ ይሰጠዋል። የኔም ጡት ጥሏል።»

ልጁን ከጀርባዬ አውርጄ አሳየኋቸው። እግሩን ጫን አድርገው ጉድጓዱን አዩ።

«ምጥኑ ለሰው ልጅ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።»

«እኔ የተማርሁት ስለ ከብት ነው» አሉ። ቀጥለው፣ «ሥጋ ግን ሥጋ ነው። ማገዶና ግድግዳው ያው ነው። በአንዴ አታጭቂው። በቀጭኑ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጪው» አሉኝ። ከጆንያዎቹ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ከፈቱልኝ። እንዲህ ያደረጉት እንጀራቸውን አስይዘው ነው፤ ውለታቸውን አልረሳም።

እዚያ የከረምሁትን ሳምንታት ቀላል ነበሩ ብል ውሸት ነው። መጀመሪያ እብጠቱ ወረደ፤ ሲወርድ ልጄ አጥንት ብቻ ሆኖ ቀረ። ወፍሮ የመጣ ልጅ ከሳብኝ! እሜቴ እውነት ይሆን ያሉት? ልጄን የገደልሁት እኔ እሆን? በገና ሰሞን ያ የማይጮኸው ግልገል ሞተ። ራሴ ነኝ ጉድጓድ ቆፍሬ የቀበርሁት፤ እየቀበርሁም ለአሳማ አለቀስሁ። ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል አላልሁም። ተመልሼ ማንኪያውን ያዝሁና እንደገና በእንዳለው ከንፈር ላይ አስጠጋሁ።

ባቄላዬ ተሟጦ፣ ኑጉም ሊያልቅ ሲል አንድ ጧት ከአጥሩ ውጭ ክንዱ ቆሞ አገኘሁት። ትከሻው ላይ ስልቻ አለ።

«ኑጉን አልሸጥሁትም» አለ።

«ግባና ልጅህን እየው።»

«አልገባም። እናቴ…» ስልቻውን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ሰጠኝና ተመለሰ። ስፈታው ከኑጉ ሥር ባቄላ አገኘሁ። በምን ለውጦ እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ያን ቀን ከሠርጋችን ቀን ይልቅ ወደድሁት።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የተለወጠ። አንድ ጧት ለቀኙ ጋጣ መኖ ላፈስ ስሄድ የእንዳለውን ሳህን አብሬ አነሳሁ፤ ገና አልጨረሰም ነበር። አሳማዎቹ መኖውን አይተው ጮኹ። ከኋላዬም አንድ ጩኸት መጣ። ዞር አልሁ። ልጄ ነው! ፊቱ ቀልቶ፣ እጁን ወደ ሳህኑ ዘርግቶ፣ ጉሮሮው እስኪታይ ይጮኻል። ሳህኑን ወዲያው መስጠት ሲገባኝ ትንሽ ያዝ አደረግሁት፤ ድምፁን ልስማው ብዬ። ደስታዬ አስለቀሰኝ።

በዚያው ሰሞን አቶ ክንፈሚካኤል የግራውንም ጋጣ ወደ ምጥን አዛወሩት። ውድ የተባለው መኖ ርካሽ ሆኖ ተገኘ፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ የግራዎቹ የፈጁት በቆሎ ዋጋ ሲታሰብ የቀኞቹ ከበሉት ምጥን በልጦ ነበር። እኔ ግን መልሱን ቀድሜ አውቄዋለሁ፤ ልጄ ጆንያዎቹ መሐል ይድሃል፣ የያዘውን ሁሉ ይጥላል፣ ስከለክለው ይነክሰኛል።

ጥምቀት አልፎ በአንድ እሑድ ሽማግሌ ተቀመጠ። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰንበቴው ተበልቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከዛፉ ጥላ ሥር ነው። ዳኛው አያ እጅጉ ነበሩ፤ ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ። አባ ወልደ ገብርኤል የሰንበቴ ዳቦ ቁራሽ በእጃቸው እንደያዙ ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ክንዱ ከእናቱ ኋላ ቆሟል። እሜቴ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ከኔ ተወስዶ ለሳቸው እንዲሰጥ። ቢፈረድላቸው ተመልሶ በቆሎ ቂጣ ይዞ መደብ ላይ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። እንዳለውን አዝዬ መጣሁና መሐል ላይ አወረድሁት።

«ይናገሩ» አሉ አያ እጅጉ።

እሜቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ይህን ልጅ ጨዋ አድርጌ ነበር ያሳደግሁ። አገር ምስክሬ ነው፤ ድምፁን የሰማ አለ? እሷ ነጥቃኝ ከእሪያ ጋር አዋለችው፣ የእሪያ መኖ አበላችው። አሁን እዩት!»

ሁሉም አየው። እንዳለው በሽማግሌዎቹ እግር መሐል ይሮጣል፤ ሮጦ የአባን የዝንብ ጭራ ይጎትታል። አንዱ ሽማግሌ በትራቸውን ከእጁ ሲያስጥሉት «እምቢ!» አላቸው።

«ይኸው!» አሉ እሜቴ። «ይነጥቃል፣ ይማታል፣ እንደ እሪያ ይጮኻል። ጨዋነቱን አሳማው በላው። ልጁን መልሱልኝ፣ እንደ ጥንቱ ላድርገው።»

ልመልስ አፌን ከፈትሁ። አያ እጅጉ ግን መጀመሪያ ወደ አባ ዞሩ።

«ልጄ» አሉ አባ፣ «ያ ከአባቱ ቤት የኮበለለ ልጅ እሪያ ጠባቂ ሆኖ ሲራብ የእሪያውን ምግብ ተመኘ እንጂ አልበላም። አንች ግን አበላሽ።»

«አልበላም፣ አባ፤ የሚሰጠው ስላጣ ነው። የኔ ልጅ እናት አለው።»

አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባም «አንደበትሽ ለቅኔ ቤት ነበር» አሉ። ምርቃት ይሁን ተግሣጽ አልለየሁትም፤ አልቆምሁምም።

«በቆሎው የማን ነው? ባቄላው የማን ነው? በጾም ኑግ ያልቀመሰ ከዚህ ማን አለ? ከአሳማ የተቀበልሁት የለም፤ አሳማው ነው የኛን የበላ። ከርከሮ በየዓመቱ ማሳችን ገብቶ ቀድሞን ይበላ የለም? ከሱ የተረፈውን ሰብስበን አይደል ሰንበቴ የምናወጣ? ያን ጊዜ የእሪያ ትራፊ ነው ያለ አለ? ንስሐ ካለብኝ ይሰጠኝ፤ ስግደቱን እሰግዳለሁ። ልጄን ግን አበላለሁ። ዛሬም አበላለሁ፣ ነገም አበላለሁ!»

አያ እጅጉ ዓይናቸውን ገለጡ። የሚሉትን ስጠብቅ እንዳለው ከአባ እጅ ዳቦውን መንጭቆ ወሰደ።

«አፈር ስሆን! ከአባ እጅ!» እሜቴ በሁለት እመርታ ደረሱበት። ዳቦውን ነጠቁት፣ ልጁን ከመሬት ብድግ አደረጉት።

እንዳለው ጮኸ። ጀርባውን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ እግሩን እያወራጨ፣ አገር ይያዝልኝ እያለ ጮኸ። ርግቦቹ ከዛፉ ላይ ተነሱ። ከቤተ ክርስቲያኑ የሚወጡ ሰዎች ቆመው አዩ። ሁላችንም እሜቴ የሚቆጡትን ቁጣ ጠበቅን።

እሜቴ አልተቆጡም። ልጁን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው እንደያዙ ቀሩ። የሚጮኸውን አፍ ያያሉ። ከዚያ ዞር ብለው ክንዱን አዩት፤ የሚያዩትን የሚያውቁት አይመስሉም።

«ይህን ጩኸት አውቀዋለሁ» አሉ። «ያንተ ነው።»

ክንዱ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«የሌሎቹ አይደለም» አሉ እሜቴ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «የሌሎቹን ሳነሳቸው… እንዲህ አልነበሩም። አንዳቸውም አልጮኹ። እኔ ጨዋዎች ናቸው እላለሁ። ለሰው እነግራለሁ።»

ለዚያ ቀን አዘጋጅቼ የመጣሁት ስድብ ነበር፤ በየምሽቱ ከጆንያዎቹ ጎን ተኝቼ ያሳመርሁት። ዝም ይነቅዛል፣ እሜቴ፣ ልላቸው ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። ፊታቸውን እያየሁ ያን ማን ይላል?

ራሳቸው አሉት። «ዝም ይነቅዛል» አሉ፤ ለኔም አልነበረም፣ ለሽማግሌም አልነበረም።

ጩኸቱ አላቆመም። አያ እጅጉ ጆሮአቸውን ይዘው፣ «እባካችሁ ይህን ልጅ አንዳችሁ ዝም አሰኙልኝ፤ ፍርድ ልናገር ነው» አሉ።

«ማንም ዝም እንዳያሰኘው!» አሉ እሜቴ ወለተ ሐና። ልጁን ደረታቸው ላይ አጥብቀው አቀፉት፤ እሱ በጡጫው ይደበድባቸዋል። «ይጩህ! ተዉት፣ ይጩህ!»

ከዚያም መሬት ላይ ተቀመጡና ዳቦውን በእጁ መለሱለት።